አራተኛው ሰርቨር፦ ከጋራ ማከማቻ አንድ ማሽን በሰላም ስለማውጣት

በ2010 ዓ.ም. የተገዛ ሰርቨር ዛሬ ሰባት ዓመት አልፎታል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ሥራውን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያሉ ኮሌጆች፣ ሆስፒታሎችና ጽሕፈት ቤቶችም ከመዝገብ ደብተር ወደ ኮምፒውተር እየተሻገሩ መጥተዋል። አምራቾች ለአንድ ሰርቨር ድጋፍ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መለዋወጫው እየጠፋ፣ ዲስኩ እየደከመ፣ ፓወር ሰፕላዩ እየተቃጠለ ይሄዳል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ የያዘ ባለሙያ፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ አንዱን ማሽን ከሥራ የሚያወጣበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድ ወይም የመሬት ይዞታ መዝገብ አብሮ እንዳይወጣ ምን መደረግ አለበት? ጥያቄው የቴክኒክ ይምሰል እንጂ የብዙ ሰው ኑሮ ያረፈበት ነው።

የጋራ ማከማቻ ክላስተር ሲባል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። በአንደኛው ዓይነት ሰርቨሮቹ የየራሳቸውን ዲስክ ያዋጣሉ፤ ሶፍትዌሩም እያንዳንዱን መረጃ በሁለት ወይም በሦስት ቅጂ አድርጎ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ያስቀምጣል። ሴፍ፣ ግላስተር፣ ሃዱፕና የቪኤምዌር ቪሳን የዚህ ወገን ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት መረጃው ያለው ራሱን በቻለ አንድ የስቶሬጅ ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሰርቨሮቹ በፋይበር ወይም በኔትወርክ ገመድ ተያይዘው በጋራ ይጠቀሙበታል። ከመጀመሪያው ዓይነት ሰርቨር ሲነቀል መረጃ አብሮ ሊነቀል ይችላል። በሁለተኛው መረጃው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ አደጋው ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሴፍን አስቀድሜ የማነሣው ነፃ ሶፍትዌር በመሆኑ ፈቃድ በዶላር ለመግዛት አቅም ለሌለው ተቋም ቅርብ ስለሆነ ነው። ሴጅ ዌይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬቱ ሲሠራ የጀመረው ሥራ ነው። በመደበኛ አቀማመጡ የእያንዳንዱን መረጃ ሦስት ቅጂ በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይይዛል፤ ቢያንስ ሁለቱን ካላገኘ ማንበብም መጻፍም ያቆማል። ሰርቨር የማውጣት ሥርዓቱ ግልጽ ነው። በማሽኑ ላይ ያሉት ዲስኮች በክላስተሩ ዘንድ «ውጭ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ማሽኑ ግን እንደበራ ይቆያል። ሶፍትዌሩ በዲስኮቹ ላይ የነበረውን ቅጂ ወደ ቀሩት ሰርቨሮች ያጓጉዛል። ጉዞው ሲያልቅ «ሴፍ ቱ ዲስትሮይ» የሚባለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ይህ ዲስክ ቢጠፋ ከመረጃው የሚጎድል አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። «የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ዲስኩ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ማሽኑ ይጠፋል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ነው። መጀመሪያ ያጠፉትና «ክላስተሩ ራሱን ያክማል» ብለው ይጠብቃሉ። እውነት ነው፣ ሴፍ አንድ ዲስክ ከጠፋበት አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ የጎደለውን ቅጂ ሌላ ቦታ መሥራት ይጀምራል። በዚያ መሐል ግን ሦስት የነበረው ቅጂ ሁለት ሆኖ ይቆያል። በድንገት የደረሰ ብልሽት ከሆነ ምርጫ የለም፤ አቅዶ በሚሠራ ሰው እጅ ግን ይህ በፈቃድ ወደ አደጋ መግባት ነው። አሥሩ ደቂቃ ለእኛ አገር ሌላም ትርጉም አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የአንዱ ሰርቨር ዩፒኤስ ቀድሞ ቢደክምና ጄኔሬተሩ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ፣ ክላስተሩ ማሽኑ የሞተ መስሎት ብዙ ቴራባይት ማጓጓዝ ይጀምራል። ለዚህ «ኖአውት» የሚባል ማገጃ አለ፤ ለጥገና ሲባል ይደረጋል፣ ጥገናው ሲያልቅ ይነሣል። ማንሣቱ ከተረሳ ግን ዲስክ በእውነት በሞተ ጊዜ ማንም ቅጂውን አይተካም። ማገጃውን ያደረገ ሰው ስሙንና ሰዓቱን በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ጽፎ ቢለጥፍ እመርጣለሁ።

ከማውጣት በፊት የሚሠራ ስሌት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለልም እሱ ነው። አራት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 20 ቴራባይት ዲስክ አላቸው እንበል፤ ድምሩ 80 ነው። ተቋሙ 17 ቴራባይት መረጃ ቢኖረው በሦስት ቅጂ 51 ይሆናል። ማያው ላይ 64 በመቶ ሞልቷል የሚል ይታያል፤ ሲያዩት ሰፊ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲወጣ ግን 51ዱ የሚያርፈው በ60 ላይ ነው፤ 85 በመቶ። ሴፍ «ሊሞላ ነው» ብሎ የሚያስጠነቅቀው በዚሁ በ85 ላይ ነው፤ በ90 አዲስ ቅጂ ወደ ዲስኩ ማጓጓዙን ያቆማል፤ በ95 ጽሑፍ አይቀበልም። 85 የምንለው ደግሞ አማካዩን ነው፤ ዲስኮች እኩል ስለማይሞሉ አንዳንዱ 90ን ቀድሞ ይነካል፤ ሥራውም መሐል ላይ ይቆማል። ጊዜውም ይሰላ። ከአንዱ ሰርቨር የሚለቀቀው 13 ቴራባይት ገደማ ነው፤ በአንድ የ1 ጊጋቢት መስመር ያለማቋረጥ በሙሉ ፍጥነት ቢሄድ እንኳ 28 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ተጠቃሚ እየሠራ፣ መብራት እየሄደና እየመጣ ከሆነ ሁለትና ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ደግነቱ መብራት ቢጠፋ ጉዞው ካቆመበት ይቀጥላል። አርብ ማታ ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት ያልቃል ብሎ ለኃላፊ ቃል መግባት ግን ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። መጽሐፉ፣ ሥልጠናውና መመሪያው የተጻፈው በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ሰርቨር ላላቸው ማዕከላት ነው። ትንሽ ተቋም ክላስተር ሲያቆም የሚጀምረው በሦስት ነው፤ ሦስት ቅጂ ለሦስት ማሽን፣ ከዚያ ያነሰ አይሆንም፣ ከዚያ የበለጠ በጀት አይፈቅድም። ከሦስቱ አንዱን ለማውጣት ሲሞከር ታዲያ ሥርዓቱ በሙሉ ትርጉም ያጣል። ሦስተኛው ቅጂ የሚሄድበት አራተኛ ማሽን የለም። ባለሙያው «ውጭ» ብሎ አዝዞ ይጠብቃል፤ ማሳያው መረጃው ቦታውን አልያዘም እንዳለ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ይቆያል። ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን ቢነቅለው ሁለት ቅጂ በሁለት ሰርቨር ላይ ይቀራል፤ ከሁለቱ አንዱ እንደገና ለመነሣት እንኳ ቢጠፋ የመላው ተቋም ሥራ ይቆማል፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ደግሞ የዚያ መረጃ ብቸኛ ቅጂ የሚቀረው በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ነው።

ይህ የሴፍ ጉድለት ቢሆን ሌላ ሶፍትዌር እንመርጥ ነበር። ሌሎቹን ስንመለከት የምናገኘው ግን ተመሳሳይ ነገር ነው። ሃዱፕ የሚወጣውን ማሽን ስም በማግለያ ፋይል ውስጥ ጽፎ ማደስን ይጠይቃል፤ ከዚያ ማሽኑ «በመውጣት ላይ» ከሚለው ወደ «ወጥቷል» እስኪሻገር ይጠበቃል። ሦስት ማሽንና ሦስት ቅጂ ባለበት «በመውጣት ላይ» እንዳለ ይቀራል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት ነው። ቪሳን አንድን ማሽን ለጥገና ሲያወጣ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ መረጃውን በሙሉ ማሸሽ፣ እንዳይቋረጥ ያህል ማሸሽ፣ ወይም ምንም አለማሸሽ። በሦስት ማሽን ክላስተር የመጀመሪያው ምርጫ አይሠራም፤ አምራቹ ራሱ አራት እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። በግላስተርም በሦስት ቅጂ ከተዋቀረ ማከማቻ አንዱን ክፍል ብቻ ነጥሎ መረጃውን እያሸሹ ማውጣት አይቻልም፤ ያለው መንገድ በሌላ መተካት ነው፤ ከተተካም በኋላ ያልተፈወሰ ፋይል ቁጥር ዜሮ እስኪሆን ሁለተኛውን አለመንካት። እዚያ «ፎርስ» የምትባል አንዲት ቃል አለች። መረጃ ሳይጓዝ እንዲነቀል የምትፈቅደው እሷ ናት፤ በችኮላ ከተጻፈች ፋይል ልታስቀር ትችላለች።

አራት የተለያዩ ሶፍትዌሮች፣ አንድ መልስ። አዛውንቶቻችን የቤት ምሰሶ በምስጥ ሲበላ ባላ ሳይደግፉ አይነቅሉም፤ ይህም እንደዚያው ነው። በሦስት ሰርቨር ክላስተር «ማውጣት» የሚባል ሥራ የለም፤ ያለው መተካት ነው፤ አዲሱ ይገባል፣ ይሞላል፣ ከዚያ አሮጌው ይወጣል።

ዲስኩ ብቻም አይደለም ከማሽኑ ጋር የሚወጣው። ሴፍ ስለ ክላስተሩ ሁኔታ በድምፅ የሚስማሙ «ሞኒተር» የሚባሉ አገልግሎቶች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፣ ለውሳኔም ሁለቱ መስማማት አለባቸው። የሚወጣው ማሽን አንዱን ሞኒተር ይዞ ቢሄድ የቀሩት ሁለቱ ሁልጊዜ መገኘት ግድ ይሆንባቸዋል፤ አንዱ ሲጎድል መረጃው ሙሉ ሆኖ ሳለ ክላስተሩ ዲዳ ይሆናል። ስለዚህ ሞኒተሩ አስቀድሞ ወደ አዲሱ ይዛወራል። የሰዓት ማስተካከያ፣ የስም አገልግሎት፣ የባክአፕ ተግባር በዚያው ማሽን ላይ ተደርቦ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ተቋም ውስጥ አንድ ማሽን ብዙ ሥራ ስለሚሸከም ሳይታወቅ የሚቀር ነገር አለ።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት፣ ወደ ስቶሬጅ ሣጥኑ ልመለስ። እዚህ የሚወጣው ሰርቨር የራሱ መረጃ የለውም፤ የሚያስፈራው ከወጣ በኋላም እጁ ከዲስኩ ላይ አለመነሣቱ ነው። በጋራ የፋይል ሥርዓት የሚሠሩ ሰርቨሮች ማን የቱን እንደሚጽፍ በመነጋገር ይኖራሉ። አንዱ ከንግግሩ ወጥቶ መጻፉን ቢቀጥል የሁሉም መረጃ ይበላሻል፤ ክላስተሮች ያልታዘዘን ማሽን በኃይል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጡበት ዘዴ የኖራቸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ላይ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች ወደ ሌሎቹ ይሸሻሉ፤ የጋራ ዲስኩ ከማሽኑ ይፈታል፤ ከዚያ በስቶሬጅ ሣጥኑና በስዊቹ በኩል የማሽኑ ፈቃድ ይሰረዛል፤ በመጨረሻም ገመዱ ይነቀላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች «በኋላ» ብሎ ያቆየ ሰው የሚጎዳው ከወራት በኋላ ነው። የወጣው ሰርቨር ለሌላ ሥራ ይፈለጋል፣ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጫንበታል፤ የመጫኛው ማያ የሚታዩትን ዲስኮች ይዘረዝራል፤ የጋራው ማከማቻም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። አንድ የተሳሳተ ምርጫ በቂ ነው። ፕሮክስሞክስ የተባለው ሶፍትዌርም በመመሪያው ከክላስተር የተሰረዘ ማሽን በድሮ ውቅሩ እንደገና በዚያው ኔትወርክ ላይ እንዳይበራ አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

የዓለም ተሞክሮ ደጋግሞ የሚያሳየው ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሰው እጅ የተሳሳተበትን ሰዓት ነው። ጊትላብ በተባለው ኩባንያ በጥር 2009 ዓ.ም. አንድ ባለሙያ ደክሞት በሌሊት ሲሠራ፣ በሁለተኛው ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ሊሰጥ ያሰበውን የመሰረዝ ትእዛዝ በዋናው ላይ ሰጠ። ስህተቱን ሲያውቅ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር፤ ተስፋ የተጣለባቸው የባክአፕ መንገዶችም አንድ በአንድ ሲታዩ የሚሠሩ አልነበሩም። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተሻሻለ የባክአፕ ስክሪፕት ለተመራማሪዎች የጋራ ማከማቻ ተሰማርቶ 77 ቴራባይት፣ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል አጠፋ፤ አሥራ አራት የምርምር ቡድኖች ተጎዱ፤ የአራቱ ሥራ አልተመለሰም። በአገራችንም ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ ያደሩበት ሌሊት የማከማቻ ጉዳይ ባይሆንም ትምህርቱ ቅርብ ነው፤ ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጾ ነበር፤ ያላግባብ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በሚሠራ ሥርዓት ላይ እጅ የሚገባበት ሰዓት ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚወጣው ሰርቨር የሴሪያል ቁጥሩ ይነበብ፣ የፊት ምልክት መብራቱ ይብራ፣ አንድ ሰው ትእዛዙን ሲጽፍ ሌላው ጮክ ብሎ የማሽኑን ስም ያንብብ።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ሦስት ቅጂ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሦስቱም ቅጂ ላይ በቅጽበት ይሰረዛል። ደቡብ ኮሪያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ያጣችውን ላስታውስ፦ በዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር የዩፒኤስ ባትሪዎች ሲዛወሩ እሳት ተነሥቶ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ ያስቀምጡበት የነበረው 858 ቴራባይት ማከማቻ ጠፋ፤ መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ ሌላ ቦታ ቅጂ አልተቀመጠለትም ነበር። እኛ ደግሞ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በወልድያና በወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የደረሰውን ዘረፋና ውድመት አይተናል። እንጅባራና ዳንግላ በአንድ አስፋልት ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የአንዱ ተቋም ባክአፕ በቁልፍ ተመስጥሮ ከሌላው ዘንድ ቢቀመጥ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም፤ ዲስክና የመስክ መኪና ይበቃዋል። ሰርቨር ከመነካቱ በፊት ያ ባክአፕ ተከፍቶ፣ ጥቂት ፋይል ተመልሶ ይታይ። ያልተሞከረ ባክአፕን አልቆጥርም።

ጊዜ መምረጥም አለ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከዚያው ዓመት ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ቆይቷል። የፈተና ሰሞን፣ የምዝገባ ሰሞን ማንኛውም ማሽን አይነካ። ጥር 23 ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ቢሮው ጸጥ ስለሚል ይመቻል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ አልስማማም፤ ችግር ቢመጣ የሚረዳ ሰው የማይገኝበት ቀን ነው። ሌላው ዝግጅት የመመሪያና የሶፍትዌር ቅጂ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በመሐል ሥራ ላይ ላለ ሰው መልስ ከውጭ ማግኘት ከባድ ነበር። የክላስተሩ ሶፍትዌር በተጫነበት ትክክለኛ እትም፣ ከነመመሪያው፣ በክፍሉ ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ መገኘት አለበት።

ማሽኑ ከወጣ በኋላ ያለው ክፍል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ረጅሙ ነው። ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ይወጣል፤ አሮጌ ሰርቨር ደግሞ እስኪወገድ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ያሉት ዲስኮች ግን የሰው ስም፣ ውጤት፣ ሕመም ይዘዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ነው፤ ይህን መረጃ የያዘ ተቋም ኃላፊነቱ ማሽኑ ሲጠፋ አያበቃም። ስለዚህ ወደ ግምጃ ቤት ከመሄዱ በፊት ሃርድ ዲስኩ በሙሉ ይጻፍበት፤ ኤስኤስዲ ከሆነ በአምራቹ የማጽጃ ትእዛዝ ይጥፋ፤ ከመጀመሪያውም በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉን ማጥፋት ይበቃል። ማሽኑ የያዛቸው የክላስተሩ የይለፍ ቁልፎችም ይሰረዙ። የጠፋው ዲስክ ሴሪያል ቁጥርና ያጠፋው ሰው ፊርማ ከንብረት ሰነዱ ጋር ቢያያዝ ለኦዲተርም ለባለመረጃውም መልስ ይሆናል።

አሁን የሚቀረው የአራተኛው ሰርቨር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ሰርቨር በብር ከእጥፍ በላይ ወጣ ማለት ነው። የበጀት ክፍል «ሦስቱ ይሠራሉ፣ አራተኛው ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። መልሱ ግን ሁሉም ለየብቻው አራተኛ ይግዛ የሚል ባይሆንስ? አራተኛው ማሽን የሚያስፈልገው አንዱ ሲወጣ ብቻ ነው፤ አንድ ተቋም ያንን የሚያደርገው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ያሉ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጆችና ሆስፒታሎች አንድ ተዘዋዋሪ ሰርቨር በጋራ ቢያቆሙ፣ በተራ እየተዋሱ፣ በየመለሱት ጊዜ ዲስኩን እያጸዱ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እንቅፋቱ የንብረት ሕጉ ነው፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ማዋስ ሰነድና ፈቃድ ይጠይቃል። ዞኑና የተቋማቱ ኃላፊዎች አስቀድመው በአንድ የስምምነት ሰነድ ቢፈቱት የባለሙያዎቹ ሥራ ይቀልላል። እስከዚያው ግን የሰርቨር ክፍል ቁልፍ የያዛችሁ ሁሉ፣ ሦስት ብቻ ካላችሁ አለቃ ቢያዛችሁም አንዱን አታውጡ፤ ስሌቱን በወረቀት ሠርታችሁ አሳዩት፣ አዲሱ ገብቶ እስኪሞላም ጊዜ ጠይቁ።